«ሩት ሰባት አይ» የተባለው መልስ የተኮረጀ ሳይሆን እኔ ያስጠናሁት ስለመሆኑ

ቀን፦ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀመር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ
የምህንድስና ፋኩልቲ ዲን ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ሓየሎም ኣምባዬ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ
አድራሻ፦ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ በኢንጂነሪንግ ማቲማቲክስ ፈተና ኮረጀች ተብላ በታገደችው በወ/ት ሳዲያ በከር ላይ የተላለፈው ውሳኔ እንዲነሳና እኔ ለኮሚቴው የሰጠሁት የሐሰት ቃል እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን ሆይ፣

ይህን አቤቱታ የምጽፈው ውጤት እንዲጨመርልኝ አይደለም። ውጤት ይጨመርልኝ የሚል ሰው ቢያንስ ጥቂት ነገር ማወቅ እንዳለበት እረዳለሁ። የምጽፈው የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ለሌላ ተማሪ በማስጠናቴ፣ ኋላም ያችኑ ተማሪ አድናለሁ ብዬ በኮሚቴ ፊት በመዋሸቴ፣ አንዲት ጎበዝ ልጅ ያላደረገችውን አደረገች ተብላ ለአንድ ዓመት ስለታገደች ነው። ነገሩን ከመነሻው እንዳስረዳ እንዲፈቀድልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

1. እኔ አመልካች ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ የብረት በርና መስኮት እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። ወደ ኮሌጁ የመጣሁት ዕውቀት ጠምቶኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወጣት መሐንዲሶች ፕላን ይዘው ወደ ወርክሾፔ በመጡ ቁጥር «ይኼ አይሆንም» እያልኩ እከራከራቸው ነበር። እነሱ ሲሄዱ ክርክሩን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ ወ/ሮ ወለተሃና «እንግዲያውስ ሂድና ተማር፤ እነሱም ይረፉ፣ እኛም እንረፍ» አለችኝ። ለመማር የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። በመግቢያ ቅጹ ላይ ግን «ለአገር ዕድገት አስተዋጽኦ ለማድረግ» ብዬ ሞልቻለሁ። ከጎኔ ተሰልፎ የነበረው ሁሉ እንደዚያ ሲሞላ አይቼ ነው። (ይህ ኩረጃ ነው ከተባለ አምናለሁ።)

2. ወ/ት ሳዲያ በከር የምኖርበት ብሎክ ውስጥ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ከእናቷ ከወ/ሮ ቢልቂስ ጋር የምትኖር ወጣት ናት። ቀን ቀን ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ የሌሎችን ንድፍ በኮምፒውተር ስታሰናዳ ትውላለች። ዲግሪዋን ስትይዝ ራሷ ዲዛይን ወደሚሠሩት ክፍል እንደምትዛወር ቢሮው ቃል ገብቶላታል። ኮሌጁ የተመዘገብነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ ላይ ቆመን ስለነበር የመታወቂያ ቁጥራችን ይከታተላል። በዚህም የተነሳ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ወንበሯ ሁልጊዜ ከእኔ ወንበር ኋላ ነው። ይህ ነገር ወደፊት ስለሚያስፈልግ እዚህ ላይ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

3. መምህራችን ዶ/ር ተክለኣብ ፈተናው ሁለት ክፍል እንደሚኖረው አስቀድመው ነገሩን፤ ስታትስቲክስና ኮምፕሌክስ አናሊሲስ። ክቡርነትዎ ይህን ያውቁታል። ሆኖም ጉዳዩን ከሚያዩት መካከል ከሌላ የትምህርት ክፍል የመጡ ስለሚኖሩ በገባኝ መጠን እገልጻለሁ። ስታትስቲክስ አንድ ነገር ከአማካዩ ምን ያህል ወዲያና ወዲህ እንደሚል የምንለካበት ነው። ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ደግሞ «ከማይነስ ቁጥር ላይ ስኩዌር ሩት አይወጣም» ተብለን ካደግን በኋላ «ይወጣል» የምንባልበት ነው። የማይነስ አንድ ስኩዌር ሩት «አይ» ይባላል።

ሁለተኛው ክፍል ለእኔ ጨለማ ነበር። ሳዲያ ግን ውኃ እንደ መጠጣት ትሠራዋለች። በአንጻሩ ሥራ እየበዛባት ከስታትስቲክስ ክፍለ ጊዜዎች ብዙዎቹ አምልጠዋት ነበር። እኔ ሁሉም ላይ ተገኝቻለሁ። መገኘትና መረዳት አንድ ነገር ናቸው ብዬ አምን ስለነበር «ስታትስቲክሱን ለእኔ ተዪው። ስታትስቲክስ ማለት ኑሮ ማለት ነው» አልኳት። እሷ ኮምፕሌክሱን ልታስጠናኝ፣ እኔ ስታትስቲክሱን ላስጠናት ተስማማን። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት ውስጥ እየተገናኘን ማጥናት ጀመርን።

4. የእሷ አስተማሪነት እንዴት ያለ እንደነበር አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በኮምፕሌክስ አናሊሲስ ውስጥ «ፖል» የሚባል ነጥብ አለ። በዝግ መስመር ስንዞር ፖሉ ከዙሪያችን ውስጥ ከዋለ መልስ እናገኛለን፤ ከዙሪያው ውጭ ከሆነ መልሱ ዜሮ ነው። በወረቀት ብታስረዳኝ ብታስረዳኝ አልገባኝ ሲል ተነስታ ግቢ አወጣችኝ።

«ጋሽ ሓየሎም፣ ያ የልብስ ማስጫ ብረት ፖሉ ነው እንበል። ይዙሩት» አለችኝ።

ዞርኩ።

«በዚያ በኩል ከዞሩ ማይነስ ይመጣብዎታል! ብረቱን በግራዎ ያድርጉት!»

አቅጣጫ ቀይሬ ዞርኩ። ቀጥላ ወደ ውኃ ሮቶው ወሰደችኝና እሱን አዞረችኝ። ላቤ ጠብ እስኪል ዞሬ ስጨርስ «አሁን ፖሉ ውስጥ አልነበረም። ይህን ሁሉ ደክመው ያገኙት ዜሮ ነው» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ዞሬ አውቃለሁ፤ ሒሳብ መሆኑን ግን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ትምህርቱም ገባኝ።

የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ወ/ሮ ኮከቤ ከበረንዳቸው ሆነው ይመለከቱን ነበር። «አቶ ሓየሎም! የጋራ መሬት እየለኩ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ። «ሒሳብ እያጠናሁ ነው» አልኳቸው። «በእግር?» አሉ። በተከታዩ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ «በጋራ ግቢ ውስጥ ያለፈቃድ ልኬት ስለማካሄድ» የሚል አጀንዳ ተይዞ ቀርቤ አስረድቻለሁ። ስለዚህ ሁለታችን አብረን እናጠና እንደነበር ለማረጋገጥ ምስክር አላጣም። ወ/ሮ ኮከቤ ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው፤ እንዲያውም ከሚፈለገው በላይ ፈቃደኛ ናቸው።

5. ቤቴም ውስጥ ቢሆን ጥናቱ አልቀረም። ምሳ እየበላሁ፣ ጫማ እያሰርኩ «አይ... አይ ሲባዛ በአይ... አይ...» እል ነበር። አንድ ቀን ወ/ሮ ወለተሃና ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሰምተህ ነው እንዲህ አይ አይ የምትለው? ማን ሞተ?» አለችኝ። ቁጥር መሆኑን ነገርኳት። «እንግዲያው ጎረቤት ሳይመጣ ቀስ ብለህ ቁጠር» ብላኝ ተመለሰች።

ሳዲያ ስለዚህ ቁጥር አጥብቃ የመከረችኝ አንድ ነገር ነበር። «ከሩት ሥር ማይነስ ሲመጣብዎ አይደንግጡ። በአይ ያውጡትና ይቀጥሉ።» በልጅነት የተማሪነት ዘመኔ ከሩት ሥር ማይነስ ካገኘሁ እርሳሴን ጥዬ የምነሳ ሰው ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ማይነስ የማልፈራ ሆንኩ። ድፍረቱ ከልክ ማለፉን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

6. አሁን ወደ ራሴ አስተማሪነት እመጣለሁ፤ ከዚህ አንቀጽ ባመልጥ ደስታዬ ነበር።

አንድ እሑድ ሳዲያ «ሁለት ነገሮች ሲቀናነሱ የልዩነታቸው ስህተት እንዴት ነው የሚሰላው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ለበር ሠሪ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ደረቴን ነፋሁ። «ስሚ» አልኳት፤ «መቃኑን ስትለኪ ትንሽ ስህተት አለው። መዝጊያውም ትንሽ ስህተት አለው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የሚገኘው ከመቃኑ ላይ መዝጊያውን ቀንሰሽ ነው። እንግዲህ ስህተቱም ከስህተቱ ላይ ይቀነሳል። አለቀ።»

መጽሐፏን ገለጥ አደረገች። «ጋሽ ሓየሎም፣ መጽሐፉ ግን ፕላስ የሚል ይመስለኛል።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ በር ሠርቶ ያውቃል?» አልኳት።

ገጹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብላ መጽሐፉን ከደነችው።

ክቡር ዲን ሆይ፣ ያች «እሺ» እስካሁን ትከነክነኛለች። ሳዲያ ለታላቅ ሁለት ጊዜ መልስ የማትሰጥ ሆና ያደገች ልጅ ናት። «አንድ ጊዜ ብትደግምልኝ ኖሮ መጽሐፉን ከፍቼ አየው ነበር» ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬ ነበር። ለባለቤቴ ይህንኑ ብነግራት «አታየውም ነበር» አለችኝ። ከእሷ ጋር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ፍርዷን ተቀብያለሁ።

7. የፈተናው ቀን ደረሰ። ከስታትስቲክሱ ክፍል አንዱ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ፋብሪካ የበር መዝጊያና መቃን ለየብቻ ያመርታል። የመቃኑ ስፋት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ከአማካዩ የሚዛነፍበት መጠን፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። የመዝጊያው አራት ሚሊ ሜትር ነው። የክፍተቱስ ስንት ነው?

የበር ጥያቄ ለበር ሠሪ! ከደስታዬ የተነሳ ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ ልደታ ማርያምን አመሰገንኩ። ደግሜም አመሰገንኩ። በተቆጣጣሪው ሪፖርት ላይ «ተማሪው በተደጋጋሚ ቀና ይል ነበር» የተባለው ይኸው ነው።

ከዚያ ሠራሁ። መዛነፍ መጀመሪያ ስኩዌር እንደሚደረግ ከክፍል አስታውሳለሁ። የሦስት ስኩዌር ዘጠኝ፣ የአራት ስኩዌር ዐሥራ ስድስት። ይቀነሳል ብዬ አስተምሬ የለም? ቀነስኩ። ከዘጠኝ ላይ ዐሥራ ስድስት ሲቀነስ ማይነስ ሰባት መጣ። አሁን የማይነስ ሰባትን ስኩዌር ሩት ማውጣት ነበረብኝ። ጤናማ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ይህ የብረት በር ነው፤ ምን ነካኝ?» ይላል። እኔ ግን አትደንግጥ ተብያለሁና አልደነገጥኩም። በአይ አወጣሁትና «ሩት ሰባት አይ ሚሊ ሜትር» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜም አሰመርኩበት።

ከኋላዬ ሳዲያ እኔ ያስተማርኳትን አምና ቀነሰች፣ እሷ ያስተማረችኝን ተጠቅማ ሩቱን አወጣች፣ ያንኑ ጻፈች። በአዲስ አበባም ሆነ ከዚያ ውጭ በሩት ሰባት አይ ሚሊ ሜትር የተዛነፈ በር አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ዶ/ር ተክለኣብ ኋላ ላይ «ዓይን ያወጣ ስህተት» ብለውታል። ከሁለታችን ወረቀት በቀር በክፍሉ ውስጥ ይህን የጻፈ አልተገኘም።

8. የፈተና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሁለታችንን ጠራን። ሰብሳቢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው «ትክክለኛ መልስ ለሁለት ሰው ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ መልስ ግን ለሁለት ሰው በየፊናው አይመጣም። ማን ከማን ነው የኮረጀው?» አሉ። አነጋገራቸው ተገቢ ነበር። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ሳዲያ የሻርፗን ጫፍ በጣቶቿ እያፍተለተለች «አልኮረጅኩም። ጋሽ ሓየሎምም አልኮረጁም» አለች።  ከራሷ ጋር እኔንም መከላከሏ አንጀቴን በላው። እውነቱን ማስረዳት ስችል፣ ማስረዳቱ ደግሞ «የማላውቀውን አስተማርኩ» ማለትን ስለሚጠይቅ፣ ጀግና መሆን ቀለለኝ። ዘልዬ ተነሳሁና «እኔ ነኝ! እኔ ከእሷ ኮርጄ ነው!» አልኩ።

ሰብሳቢው የወንበር አቀማመጡን የሚያሳየውን ወረቀት ተመለከቱ። «እርስዎ የተቀመጡት የት ነበር?»

«ከፊት» አልኩ።

«እሷስ?»

«ከኋላዬ።»

«ታዲያ እንዴት አዩ?»

«ዞር ብዬ...»

«ተቆጣጣሪው ዞረ አላሉም። ቀና አለ ነው ያሉት።»

«እንግዲያው ቀና ብዬ» አልኩ።

ከኮሚቴው አባላት አንዷ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። መስታወት እንደሌለው አረጋገጡና አንገታቸውን ነቀነቁ።

ኮሚቴው እንዲህ አሰበ፦ ይህ ሰው ዋሽቷል። የዋሸው ልጅቷን ለማዳን ነው። የሚያድናት ጥፋተኛ ብትሆን ነው። ስለዚህ ከኋላ ሆና የኮረጀች እሷ ናት። በዚህም መሠረት ለእኔ ኤፍ ብቻ ተሰጠኝ። ለእሷ ግን ከኤፉ በተጨማሪ የአንድ ዓመት እግድ ተወሰነባት። ኮሚቴው ከእኔ ቃል ተነስቶ ሌላ ድምዳሜ ላይ ሊደርስ ይችል ነበር ብዬ አላስብም። የቀረበለት ቃል ጠማማ ነበር።

ከክፍሉ ስንወጣ ሳዲያ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ቆም ብላ «ጋሽ ሓየሎም፣ ምን አደረጉ?» አለችኝና ደረጃውን ወረደች።

9. በኮሚቴው ውስጥ ያልነበሩት ዶ/ር ተክለኣብ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አሉኝ፤ «ማይነስ ሰባቱ ከየት መጣ?»

የቀረኝ ኩራት እሱ ብቻ ስለነበር በኩራት አስረዳኋቸው። ስህተት ከስህተት ይቀነሳል አልኳቸው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አቶ ሓየሎም፣ በር ሠርተው አልገጥም ብሎዎት ያውቃል?»

«አንዳንዴ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ብዙ ጊዜ» አልኩ።

«መቃኑ ጠብቦ፣ መዝጊያው ደግሞ ሰፍቶ ሲገናኙ፣ ስህተታቸው ተጣፋ ወይስ ተደራረበ?»

 በልደታና በጠመንጃ ያዥ የሠራኋቸው በሮች በዓይኔ ላይ መጡ። በግራይንደር የላግኳቸው፣ በመዶሻ የገፋኋቸው፣ «ሲለምድ ይዘጋል» ብዬ ለደንበኛ ያስረከብኳቸው በሮች። ዶ/ር ተክለኣብ ቀስ ብለው «መቃኑና መዝጊያው ለየብቻ የተሠሩ ናቸው፤ እርስ በርስ አልተማከሩም። እንዲህ ያለ ስህተት ስንቀንስም ይደመራል። ዘጠኝና ዐሥራ ስድስት ሃያ አምስት፣ ሩቱ አምስት» አሉኝ። አምስት! ጣቶቼን አጥፌ ልቆጥረው የምችል መልስ ነበር።

«ይህን የእርስዎን ደንብ ለስንት ሰው አስተምረዋል?» አሉኝ።

«ለሳዲያ ብቻ። ሌላው ሰው አይሰማኝም» አልኩ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባቸው። ሁለቱ ወረቀቶች ለምን አንድ ዓይነት እንደሆኑ ለመመስከር ዝግጁ እንደሆኑ ነገሩኝ። «ነገር ግን የሰጡት ቃል መዝገብ ላይ እያለ የእኔ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ለዲኑ ይጻፉ። እውነቱን ብቻ ይጻፉ፤ እንዳያሳምሩት» አሉኝ።

10. ለመጻፍ ወዲያው አልደፈርኩም። በማግስቱ ደረጃ ላይ ከሳዲያ እናት ጋር ተገጣጠምኩ። ወ/ሮ ቢልቂስ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው «አቶ ሓየሎም፣ ልጄን እንደ ልጅዎ ስላስጠኑልኝ አላህ ይክፈልዎት። ውጤቱ መቼ ነው የሚነገረው?» አሉኝ። ሳዲያ ምንም አልነገረቻቸውም ነበር። «ይደርሳል» ብዬ ደረጃውን ወጣሁ። ከድንጋጤዬ የተነሳ የራሴን ቤት አልፌ ሄጄ ነበር።

ቤት ስገባ ለወ/ሮ ወለተሃና ሁሉንም ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ «ወይ ራስህ ሄደህ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ። እኔ ከሄድኩ ግን ሌላም ሌላም እጨምርበታለሁ» አለችኝ። ራሴ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ሳዲያ ናት። ስታየኝ ለምን እንደመጣሁ ገባት፤ መንገድ ለቀቀችልኝና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቆሜ ለእናቷ ሁሉንም ተናገርኩ። መቀነሱን፣ መጽሐፉን አላይም ማለቴን፣ ጣሪያውን፣ ውሸቱን፣ እግዱን። ወ/ሮ ቢልቂስ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። መጀመሪያ የተናገሩት ለልጃቸው ነው።

«ታላቅሽን አክብሪ አልኩሽ እንጂ፣ ታላቅሽ ያለው ሁሉ ልክ ነው አልኩሽ?»

ሳዲያ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መሳሳቱስ ይሁን፤ ሰው ነዎት። ውሸቱን ግን ምን አመጣው?»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ ዛሬም ከፍ ሲል በተራ ቁጥር 8 ከጻፍኩት የተሻለ መልስ የለኝም፦ አላውቅም ከማለት መዋሸት ቀሎኝ ነው። ወ/ሮ ቢልቂስ ይቀመጡ አላሉኝም፤ ይውጡም አላሉኝም። «እንግዲህ ያጣመሙትን ያቅኑት» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

11. ሳዲያ እንዳልኮረጀች ለማስረዳት ከምስክሮቹ ሌላ የሚከተለውን አቀርባለሁ። የሁለታችን ወረቀት ከዚያ አንድ ጥያቄ በስተቀር አይመሳሰልም። በኮምፕሌክስ አናሊሲሱ ክፍል እሷ አንድም አልሳተችም፤ እኔ ግን ከፖሉ ጥያቄ በቀር ያገኘሁት ትርጉም ያለው ነገር የለም። ከእኔ መኮረጅ ከመላጣ ሚዶ እንደ መዋስ ነው። በተጨማሪም የእጅ ጽሑፌን እንኳን ከኋላ ያለ ሰው፣ እኔም ራሴ በማግስቱ አላነበውም። በሠራተኞቼ ፊት ብዙ ጊዜ ሰባቱን አንድ ብዬ አንብቤ ላሜራ አስቆርጫለሁ። ጀርባዬም በትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያሳይ አይደለም፤ ኮሚቴው በአካል ስላየኝ በዚህ ላይ አልጨምርም።

12. በመሆኑም ክቡርነትዎን የምጠይቀው፦

ሀ) «ከእሷ ኮርጃለሁ» ብዬ ለኮሚቴው የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ እንዲሰረዝ፤

ለ) ዶ/ር ተክለኣብና ወ/ሮ ኮከቤ ቀርበው እንዲሰሙ፣ አስፈላጊ ከሆነም እኔና ሳዲያ በተለያየ ክፍል ውስጥ ሆነን በቃል እንድንፈተን፤ (ወ/ሮ ኮከቤ ሲሰሙ ስለ ግቢው ልኬት የሚያነሱት ነገር ከጉዳዩ ጋር እንዳይያያዝብኝ።)

ሐ) የወ/ት ሳዲያ እግድ ተነስቶ ወረቀቷ በያዘው ልክ እንዲታረምላት፣ የምታጣውም የዚያችን አንዲት ጥያቄ ነጥብ ብቻ እንዲሆን፤ የምትሠራበት ቢሮ እግዱን ከሰማ የተገባላት ቃል እንደሚቀር፣ «ኮራጅ» የሚለው ስም ደግሞ ከዚያ በኋላም ተከትሏት እንደሚሄድ ግምት ውስጥ እንዲገባ፤

መ) እኔን በተመለከተ፣ በኮሚቴ ፊት ለዋሸሁት ተገቢ የሆነው ቅጣት እንዲሰጠኝ። ኤፉን አልቃወምም። ባልዋሽም ኖሮ ኤፍ ሳይሆን አይቀርም ነበር።

13. ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር፤ ለውሳኔው ባይጠቅምም መታወቅ አለበት ብዬ ነው። ባለፈው እሑድ የጋራ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ሳዲያ መጽሐፏን ይዛ ወረደች። ከኮሚቴው ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር። የታገደ ተማሪ ለምን እንደሚያጠና አልጠየቅኳትም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አንድ ገጽ ገልጣ «ይኼ ደንብ ለምን እንዲህ ሆነ?» አለችኝ።

አፌ እንደ ልማዱ ተከፈተ። ምሳሌውም፣ ድምፄም ተዘጋጅተው ነበር። እሷ ትጠብቀኛለች።

«አላውቅም» አልኩ።

አላሳቀቀችኝም። መጽሐፉን ሁለታችንም እንድናየው አድርጋ ወደ መካከል አዞረችው። «እኔም አላውቅም፤ እስቲ እንየው» አለች። አየነው። ሰማዩ እስኪዳምን ድረስ አንዷን ገጽ ስናገላብጥ ቆየን፤ ሦስት ጊዜ «አይደለም» ብላኛለች፣ ሦስቱንም ጊዜ እውነቷን ነበር። የክቡርነትዎን ውሳኔ የምንጠብቀው እንዲሁ እያደረግን ነው።

ፍርዱን ለክቡርነትዎ ትቼ፣ ከትሕትና ሰላምታ ጋር እሰናበታለሁ።

ሓየሎም ኣምባዬ
ፊርማ ________

ግልባጭ፦
ለዶ/ር ተክለኣብ፣ የኢንጂነሪንግ ማቲማቲክስ መምህር
ለወ/ሮ ቢልቂስ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም